ታርጋና ቁርበት ይዘን፣ ከቆቦ እስከ ደሴ

ዘመዶቼ፣ ሁለት ቀን እንዳለቀሳችሁልኝ ሰማሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ሰው በቁሙ ማን እንደሚያለቅስለት ማወቁ መልካም ነው፤ ያልመጣችሁትንም ወንድሜ ጽፎልኛልና አውቃችኋለሁ። ግን ጥፋቱ የእኔ ነው። ያ ጥጉ የተቆረጠ ታርጋ ያለ ደብዳቤ እናቴ ቤት እንዴት እንደደረሰ፣ ቆቦን አይታችሁ ለማታውቁት፣ ምናልባትም ለማታዩት፣ ቀን በቀን ልንገራችሁ።

መኪናው የወንድሜ የታደሰ ነው። ከአሰላ ወደ ቆቦ ክሊኒክ በነርስነት ስዛወር ዕቃዬን ጭኜ እንድሄድበት ላንድሮቨሩን አዋሰኝ። ቁልፉን ሲሰጠኝ ታርጋውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ፣ «ብርቄ፣ እንደወሰድሽው ከነታርጋው መልሺልኝ» አለኝ። እናቴ ደጅ ቆማ ዝናብ ይወርድባታል። የአሰላ ዝናብ መቼም ሰው መሸኘት ይወዳል። በወር ውስጥ እመልሰዋለሁ ብዬ ማልኩ።

አልመለስኩትም። ቆቦ ስደርስ ዝናቡ ከቀረ ከርሞ ነበር። ከቆላው የወጣው ሰው አውራ ጎዳናው ዳር ተቀምጦ የሚያልፈውን መኪና ያያል፤ ከተቀመጠውም የማይነሳ ብዙ ነበር። ክሊኒካችን መኪና የለውም። የባሰባቸውን እየጫንኩ ወልድያ ጤና ጣቢያ ማድረስ ጀመርኩ። ለታደሰ ብጽፍለት፣ «ያዥው፤ የታርጋውን ነገር ብቻ አደራ» ብሎ መለሰልኝ። ቆቦ ውስጥ ከአሩሲ የመጣን እኔና ያ ታርጋ ብቻ ነበርን። ጠዋት ጠዋት አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ስወለውልለት፣ ውዬ አሰላ የምገባ ይመስለኝ ነበር። ሳቁብኝ፣ ግድ የለም።

ኅዳር ላይ ነው አንድ የትራፊክ ፖሊስ ያስቆመኝ። ትሑት ሰው ነው፤ እናቱን እኔው ነበርኩ ያከምኳት። «ሐኪሟ፣ ከሌላ ጠቅላይ ግዛት መጥቶ እዚህ የሚኖር መኪና እዚሁ መመዝገብ አለበት። ደሴ ሄደሽ ታርጋውን ቀይሪ። በዚህ ሳምንት ካልሆነ አቆመዋለሁ፤ አለቃዬ ጠይቆኛል» አለ። ሊብሬው፣ የወንድሜ ደብዳቤ፣ ከማዘጋጃ ቤት የነዋሪነት ወረቀት ያስፈልጋል። በዚያ ላይ መኪናው ቆቦ እንደሚኖር ቀርቦ የሚመሰክር አንድ የአገሩ ሰው። መኪናው ቢቆም ማን ሰው ወልድያ ያደርሳል? ታርጋው ቢፈታ ደግሞ ለወንድሜ የማልኩት መሐላ የት ይግባ? ሦስት ቀን ሙሉ በሽተኞቼን እየተቆጣሁ ሰነበትኩ።

ምስክሩ ራሱ መጣ። አያ ሰይድ ይባላል፤ ከቆቦ በታች ካለው ሜዳ የመጣ፣ ዓይኑን ያከምኩት ሽማግሌ ነው። ሚስቱ ሞታለች፣ ልጆቹ ሥራ ፍለጋ ሁመራ ወርደዋል። ትከሻው ላይ የታጠፈ የላም ቁርበት ተሸክሞ ክሊኒኩ በር ላይ ቆመና፣ «ሐይቅ ካደረስሽኝ፣ እስከ ደሴ ሄጄ እመሰክርልሻለሁ» አለኝ።

«ሐይቅ ምን አለ?»

«ባለላሟ አለች።»

በዚህ አገር ከብት የበዛለት ሰው ለሌለው ላም በርቢ ይሰጣል። ወተቱ የጠባቂው ነው፣ ጥጃው የጋራ ነው፣ ላሟ ግን ምንጊዜም የባለቤቷ ናት። ከሞተች ጠባቂው ቁርበቷን ከነጆሮዋ ለባለቤቷ ያሳያል። ጆሮዋ ላይ የባለቤቷ ምልክት አለና፣ ሞታ እንጂ ሸጫት አይደለም ማለት ነው። የአያ ሰይድ ላም በረኃብ ሞታለች። ቁርበቷን ይዞ ሐይቅ ድረስ በእግሩ ሊሄድ ተነስቶ ነበር። አቅሙን ስላየሁ፣ በእግሩ ቢሄድ ከወልድያ በፊት ያለችው ጎብዬ እንኳ እንደማይደርስ አውቄያለሁ።

ሰኞ

ጠዋት ተነሳን። ከኋላ አንዲት በጠና የታመመች እናትና ልጇን አስተኛሁ። ቁርበቱን ከላይ አሰርነው። ነፋሱ እየገባበት እስከ ሮቢት ድረስ ጣራውን ሲደልቅ ሄደ።

መንገዱ ሜዳውን ሰንጥቆ ይሄዳል። በግራም በቀኝም አፈሩ የተሰነጠቀ፣ አገዳው ቁመቱ ከጉልበት ሳያልፍ የደረቀ ነው። አያ ሰይድ በመስኮቱ እያየ፣ «ይኸ ሁሉ እኮ ደጋሊት ነበር። ደጋሊት ማሽላ ታውቂያለሽ? በዚህ ወር በፈረስ የሄደ ሰው ከውስጡ አይታይም ነበር። ወፍ የሚጠብቀው ሰው ጩኸት ብቻ ነው የሚሰማሽ» አለኝ። እኔም ስለ አሰላ ነገርኩት፤ ስለ ገብሱ፣ ስለ ጭላሎ ጉም፣ ዝናቡ ሰልችቶን «ምነው ባባራ» እንደምንል። ዞር ብሎ አየኝ።

«ባባራ ትላላችሁ?»

«እንላለን።»

«አስተግፊሩላህ» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። እኔም አፈርኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ያቺን ቃል አፌ ላይ አላስቀመጥኳትም፤ እናንተም ብትተዋት ደስ ይለኛል።

ጎብዬ ልንደርስ ስንል ጎማ ተነፈሰ። ክሪክ አወጣሁ፤ መለዋወጫውን፣ ስኮርቱን፣ ባወርደው እሱም ባዶ ነው። የማልነግራችሁን ስድብ ለራሴ ተሳደብኩ። ሻይ ቤት ያላት አንዲት ሴት አይታን መጣች። የታመመችውን እናት ከነልጇ ጥላ ሥር አስገባችልኝ፤ ስኮርቱን አህያ ላይ አስጭና ጎማ ከሚጠግነው ሰው ዘንድ ሰደደችልኝ። «አንቺ ቁጭ በይ። በሽተኛ ጭኖ የሚሄድ ሰው እዚህ ገንዘብ አይከፍልም» አለች። ቆሎ በጭብጧ ሰጠችኝ። ስንት ፍሬ እንደነበር እስከዛሬ ልቆጥርላችሁ እችላለሁ።

ጎማውን ስንጠብቅ አንዲት ሴት ሁለት ልጆች አስከትላ መጣች። እኛን አላየችም፤ የምታየው ከመኪናው ላይ ያለውን ቁርበት ነው። «አባባ፣ ትንሽ ቁረጡልኝ። ዘፍዝፌ እቀቅለዋለሁ» አለች።

አያ ሰይድ፣ «አማና ነው፣ ልጄ። የሰው አደራ ነው» አላት።

ሴትዮዋ አልተከራከረችም። ብትከራከር ይሻል ነበር። ልጆቿን ይዛ እዚያው ተቀመጠች። አያ ሰይድ ወዲህ ሄደ፣ ወዲያ ሄደ፣ ለራሱ የማልሰማው ነገር ያወራል። በመጨረሻ ቁርበቱን አወረደ፣ ከወገቡ ቢላዋውን መዘዘ፣ «ቢስሚላህ» ብሎ ከኋላ እግር በኩል ሰፊ አድርጎ ቆረጠላት። 

«ጆሮዋ እስካለ ድረስ ይታወቃል» አለኝ፣ ጠይቄው እንደሆነ ሁሉ። አልጠየቅኩትም።

ወልድያ ወደ ማታ ገባን። በሽተኞቹን ጤና ጣቢያ አስረክቤ አንድ አልቤርጎ ያዝን። ራት ሲቀርብ የአልቤርጎው ባለቤት መጀመሪያ መስኮቶቹን ዘጋች። ከደጅ ሰው አለ፣ የሚበላ ሰው እንዳያይ ነው። «ክፋት አይደለም፣ እህቴ። ሁሉንም ማብላት አልቻልኩም፤ እያዩኝም መብላት አልቻልኩም» አለችኝ። እናቴ ምሳ ስታቀርብ በሩን ወለል አድርጋ እንደምትከፍተው፣ አልፎ የሚሄድ መንገደኛ ሳይቀር «ና ግባ» እንደምትለው አሰብኩ። ጉርሻዬን መልሼ አስቀመጥኩ። ናፍቆት ሆድ ላይ የሚያምም መሆኑን፣ ነርስ ሆኜ፣ ያኔ ነው ያወቅሁት።

ማክሰኞ

ከወልድያ ወዲያ መንገዱ ላይ ሰው ሁሉ ቁርበቱን ያያል። መርሳ ላይ አንድ ሽማግሌ ጠየቀ፣ ተቆረጠለት። ከመርሳ አልፈን ልጅ ያዘለች ሴት ጠየቀች፣ ተቆረጠላት። ከዚያ በኋላ አያ ሰይድ እስኪጠይቁት አልጠበቀም። «አቁሚ» ይለኛል፣ ይወርዳል፣ ይቆርጣል፣ ይመለሳል። ሐይቅ ስንደርስ ጉልበቱ ላይ ይዞት የነበረው አንገቷና ጆሮዋ ብቻ ነው። ነጠላዬ ቢታጠፍ ከዚያ ይበልጣል።

«እንግዲህ ምን ልላት ነው?» አለኝ። «ቁርበት አምጣ ብትለኝ ምን አሳያለሁ? ሸጦ በላው ብትልስ? እድሜ ልኬን የሰው ላም ጠብቄ በስሜ ላይ ክፉ ቃል ወጥቶ አያውቅም።»

የሐይቅን ውሃ ከላይ ሆኜ ሳየው ዓይኔን አላመንኩም። ዳር ዳሩ አረንጓዴ ነበር። መኪናውን አቁሜ ጥቂት አለቀስኩ። 

ባለላሟ እመት ላቀች ይባላሉ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ነጭ ሻሽ ያሰሩ ሴት ናቸው። ከግቢያቸው በር ላይ ቆመው ነበር። አያ ሰይድ ከመኪናው ሲወርድ ሲያዩት፣ «ሰይድዬ! አለህ? አለህ ወይ?» ብለው ሮጡ። አቅፈው ጉንጩን፣ ትከሻውን፣ እጁን ዳሰሱት። እሱ ደግሞ በመሐል ያቺን ቁራጭ ሊያሳያቸው ይታገላል።

«እመት ላቀች፣ ጆሮዋን ይዩ እንጂ።»

«ስለ ላም ማን ጠየቀህ? አምስት ላም ቆላ ሰድጄ አንድም ጠባቂ አልመጣልኝ። በየቀኑ እዚህ በር ላይ ቆሜ የማየው ሰው እንጂ ከብት መሰለህ? አንተ የመጀመሪያው ነህ!»

«እሺ፣ ይዩዋት ግን።»

እምቢ አለ፤ አልለቀቃቸውም። እመት ላቀች ጣታቸውን የጆሮዋ ምልክት ላይ እስኪያሳርፉ ድረስ አልተቀመጠም። ካሳረፉ በኋላ አንገቱን ደፍቶ፣ «የቀረውን ቁርበት መንገድ ላይ ለሰው ሰጠሁት። የእርስዎን ነው የሰጠሁት። ይፍረዱኝ» አላቸው።

እመት ላቀች ቁራጯን ተቀብለው በሻሻቸው ጫፍ ጠቀለሏትና ወደ ውስጥ ገቡ። 

እዚያው አደርን። ሽሮ በላን፤ እኔ በቤታቸው፣ አያ ሰይድ ከጎረቤቱ ሼህ ዘንድ። ጠዋት እመት ላቀች አንዲት ቀይ ጊደር እየነዱ መጡ። ያቺው የሞተችው ላም የወለደቻት፣ በጥጃነቷ ወደ እሳቸው የወጣች ናት። «ያንተ ትሁን» አሉት።

አያ ሰይድ ጊደሯን ዞሮ ዞሮ አያት። ጀርባዋን ዳሰሰ። ከዚያ ከቆቦ ከወጣን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «ምን ላበላት? ቆላ ሣር የለ። እርስዎ ዘንድ በርቢ ትቆየኝ። ወተቷን እርስዎ ይጠጡ።»

«እኔ ያንተ ጠባቂ ልሁን?»

«ይሁኑ እንጂ! አደራ፣ ከሞተች ጆሮዋን።»

ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ።

ረቡዕ

ደሴ ብርድና ጉም ነበር። ከመኪናው ስወርድ አሸተትኩት። አሰላ አሰላ ይሸታል። ካፖርት የለበሰ ሰው ሁሉ የማውቀው እየመሰለኝ አንድ ሁለቱን ሰላም ብያለሁ።

የምዝገባው ክፍል ሰው ሞልቶታል። ተራችን ሲደርስ ጸሐፊው ወረቀቶቼን አገላበጠና አያ ሰይድን፣ «መኪናው የት ነው የሚኖረው?» አለው።

«ቆቦ።»

«የማን ነው?»

«የወንድሟ ነው። እሷ ዘንድ በርቢ ነው ያለ።»

ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። «በርቢ? ትርፉን ይካፈላሉ ማለት ነው? እንግዲያው የንግድ መኪና ነው፤ ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል።»

 አያ ሰይድን በክርኔ ጎሰምኩት። እሱ ግን ምስክርነት ላይ ነው፤ ማን ያቆመዋል! «ምን ትርፍ አለው? ወተቱ የጠባቂዋ ነው። ወተቱም በሽተኛ ወልድያ ማድረስ ነው፤ አንድ ሳንቲም አትቀበልም። ጥጃ እንደሆነ እስካሁን አልወለደም።»

ወረፋ የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። ጸሐፊው ራሱ ሳቁ አመለጠው። «አባቴም የርቢ ላም ነበራቸው» አለና፣ «በውሰት የተያዘ» ብሎ ጻፈልኝ። ማኅተም መታ። ከዚያ አዲሱን ታርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አሮጌውን ጠየቀኝ። የፊቱንም የኋላውንም ፈትቼ አቀረብኩ። ስፈታው ብሎኑ አስቸግሮኝ ነበር፤ ዝጎ ተጣብቋል። እኔስ ብሆን!

«ይቀመጣል፣ አይመለስም» አለ ጸሐፊው።

አያ ሰይድ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። «የኔ ልጅ፣ ቁርበቱስ? ባለቤቱ ምን አይቶ ይመን?»

ጸሐፊው እኔን አየ፣ እሱን አየ። የኋላውን መሳቢያው ውስጥ ከተተ። የፊቱን አነሳና፣ ሌላ መኪና ላይ እንዳይታሰር ብሎ ጥጉን በቆርቆሮ መቁረጫ ቆረጠው። «ይኸው፣ ጆሮውን በጥቻለሁ» ብሎ ሰጠኝ።

ስንወጣ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ሊነሳ ጡሩምባውን ይነፋል። ለምን እንደቸኮልኩ እንጃ። ጉሙ ይሆናል፣ ሽታው ይሆናል፤ ከእኔ የሆነ ነገር በዚያን ሰዓት ወደ አሰላ እንዲሄድ ፈለግኩ። የታደሰን ስምና የእናቴን ሰፈር በካርቶን ላይ ጻፍኩ፣ ከታርጋው ጋር አሰርኩ፣ ለሹፌሩ ሰጠሁ። አዲስ አበባ ላይ ለአሰላ አውቶቡስ እንዲያቀብልልኝ ለመንኩት። «ደብዳቤ የለውም?» አለኝ። «በፖስታ ይከተላል» አልኩት። አያ ሰይድ በዚያን ጊዜ የሐበሻ መድኃኒት ለመግዛት ገበያ ገብቶ ነበር።

ሐሙስ

መመለሻው ቶሎ አለቀ። ሐይቅ ላይ እመት ላቀች አንድ ስልቻ ሽምብራ ጫኑልን። መርሳ ላይ የቆረጠለትን ሽማግሌ አያ ሰይድ አገኘውና ሁለት እፍኝ ሰፈረለት። ጎብዬ ስንደርስ ያቺን ሁለት ልጅ ያስከተለች ሴት ፈለግን። የሻይ ቤቷ ሴት፣ «ትናንት አንዱን ልጅ ቀበረች። ከዚያ ወደ ወልድያ ሄዳለች» አለችን። መንገድ ላይ አልፈናት ይሆናል። አያ ሰይድ የእሷን ድርሻ ሰፍሮ ሻይ ቤት አስቀመጠላት፣ ምናልባት ብትመለስ ብሎ። እኔም የቆሎዋን ብድር ልመልስ ብዬ ሽምብራ ብሰጥ ባለሻይ ቤቷ ተቆጣችኝ።

 ፖሊሱ ከተማው መግቢያ ላይ አዲሱን ታርጋ አይቶ በፈገግታ ሰላምታ ሰጠኝ። መኪናው የወሎ ሆነ። ጠዋት ልወለውለው ጨርቄን ይዤ ወጥቼ፣ ጥቂት ቆሜ ተመለስኩ።

ደብዳቤውን በማግሥቱ ጻፍኩ፤ ስለ ርቢው፣ ስለ ቁርበቱ፣ ስለ ጸሐፊው ሁሉንም። የቀረውን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ታርጋው ቀደመ። ታደሰ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፤ «እናታችን ጥጉ የተቆረጠውን ብረት ብቻውን ስታየው መኪናው ተገልብጦ የሞትሽ መሰላት። ጮኸች። ፍራሽ ተነጠፈ። ደብዳቤሽ በሦስተኛው ቀን ሲደርስ አነበብኩላት። መኪናውን አልፈልግም፣ እዚያው ሰው ያመላልስ። እናትሽ ግን ይህን ጻፍልኝ ብላለች፤ ሁለተኛ ቁርበት እንዳትልኪብኝ። በእግርሽ ነይ።»

ለአያ ሰይድ አነበብኩለት። ክሊኒኩ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማና እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«በሰው ላክሽው?»

«ላክሁት።»

«ዋ ጥፋቴ! ይኸን ሳልነግርሽ ቀረሁ። ቁርበት እኮ በሰው አይላክም። በሰው ከተላከ ጠባቂውም ሞቷል ማለት ነው። ለዚህ አይደል እኔ ራሴ የሄድኩት?»

ከጎኑ ተቀመጥኩ። ከዚያ፣ «ዝናብ ይምጣ እንጂ፣ ኢንሻአላህ አብረን እንሄዳለን። እኔ ጊደሬን ሐይቅ፣ አንቺ እናትሽን ልታይ» አለኝ። ሰማዩን አየን። ምንም የለበትም። መኪናው ውስጥ ወልድያ የሚሄዱ ሦስት ሰዎች ስለሚጠብቁኝ ተነሳሁ።

ይህን ለእናቴ የምታነቡላት ሰዎች፣ ከዚህ በታች ያለውን ቀስ ብላችሁ አንብቡላት። እማዬ፣ ታርጋውን ራስጌሽ አስቀምጠሽዋል አሉኝ። ማንም አያንሳው፣ ታደሰም ቢሆን። እኔው መጥቼ አነሳዋለሁ።